የሸማኔዎቹ ከንፈር

ከቤታችን ጎን ፎቅ እየተሠራ ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከጎኑ ፎቅ የማይሠራበት ቤት ካለ ባለቤቱ ደብቆት መሆን አለበት። ጠዋት ቅዳሴው ሳያልቅ የሲሚንቶ ማደባለቂያው ይነሳል፤ ብረት መቁረጫው ይከተላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ስሙን የማላውቀው ማሽን መጥቶ ቤቱን ከነመሠረቱ ያንቀጠቅጠዋል። ልጄ ሄለን ራሷን ይዛ ትዞራለች። ባሏ ስልክ ለማናገር መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ይዘጋል። ጎረቤቶቻችን ወረዳ ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዚህ ጫጫታ ጋር የተስማማሁ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ፎቁ ከተጀመረ ወዲህ ኑሮ ተመችቶኛል። ሰው ሁሉ ሲያናግረኝ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ቃሉን ሳይውጥ ይናገራል። ድሮስ እንዲህ ቢናገሩ ምን ነበረበት?

የተያዝኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ሳሎን መስኮቱ ጋ ቆሜ ሁለት ግንበኞች አያለሁ። አንዱ እላይ ርብራቡ ላይ ነው፣ ሌላው ታች አሸዋው አጠገብ። ማደባለቂያው በመካከላቸው ይጮኻል። የላይኛው አፉን ከፈት አድርጎ፣ “ዛሬም ሽሮ ከሆነ አልወርድም፤ እዚሁ ሲሚንቶ እበላለሁ” አለ። የታችኛው፣ “ሲሚንቶውም ዛሬ አልመጣም” ብሎ መለሰለት። ሳቄን ለቀቅኩት።

“እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?” አለች ሄለን ፊቴ መጥታ።

ነገርኳት። ግንበኞቹን አየች፣ እኔን አየች፣ የተዘጋውን መስኮት አየች።

“ከዚህ ሆነሽ እንዴት ሰማሻቸው?”

“ከንፈራቸውን አይቼ ነዋ! ምን ያስቸግራል?” አልኳት በኩራት።

ያጋለጠኝ ይኸው ኩራቴ ነው። ልጄ ወደ ጓዳ ሄደች። ሠራተኞቹ ለምሳ ወርደው ማሽኑ ጸጥ ካለ በኋላ፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ ሳለ፣ ድንገት ከፊቴ ብቅ አለች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

“ከኋላሽ ቆሜ ስጠራሽ ነበር፤ ደጋግሜ” አለችኝ። “እማዬ፣ ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰሚው?”

“እሰማለሁ እኮ።”

“ታያለሽ እንጂ አትሰሚም።”

በማግስቱ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ የጆሮ ክሊኒክ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዛልኝ መጣች። ተናደድኩ። ጆሮዋ ላይ ማሽን የሰካች ሴት ሰው እንዴት እንደሚያናግራት አውቃለሁ፤ እየጮኸ፣ ቃል እየቆረሰ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ዞር ብሎ “ጃጅታለች” ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ተኮራረፍን። ነገር ግን ልጄን ባኮረፍኩ ቁጥር አንዲት ሴት ትመጣብኝ ጀመር። ስሟ ዞያ ፔትሮቭና ነው፤ ካየኋት አርባ ዓመት ሊሆን ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሙያ ትምህርት ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዷ ነበርኩ። እናቴ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ “ጥሩነሽ ሞስኮ ልትሄድ ነው” ብላ አውርታለች። ሞስኮን ያየኋት ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ባቡር ጣቢያ ስንሻገር፣ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከዚያ ባቡሩ ጫካ፣ ሜዳ፣ ደግሞ ጫካ እያሳየን ይዞን ሄደ። የቋንቋ ትምህርቱን አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ጀመርን። ለተግባር ልምምድ ሲበትኑን ጓደኞቼ ከተማው ውስጥ ካለው ትልቅ ፋብሪካ ቀሩ፣ እኔ ለብቻዬ ወደ አንዲት መንደር ተላክሁ። ስሟን ብጠራው ለማንም ምንም አይነግርም። በአንድ ጭስ ማውጫ ሥር የተሰበሰቡ ቤቶች ናት።

መንደሯ ያለ ፋብሪካው ምንም አልነበረችም። ወንዙ ዳር ረጅም የቀይ ጡብ ሕንፃ አለ። ከሕንፃው ጀርባ የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል፤ የመስኮቶቻቸው ጠርዝ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነው። ሰው የሚነሳው፣ የሚበላውና የሚተኛው ፋብሪካው ሲያፏጭ ነው። ድመቶቹ እንኳ ፉጨቱን ሰምተው በር ላይ ይጠብቃሉ። ወንዙ ማቅለሚያ ቤቱ በዋለበት ቀለም ይፈሳል፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። ሴቶቹ ድልድዩ ላይ ቆም ብለው ውሃውን ያዩና ለመጪው በጋ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሚለበስ ይከራከራሉ። እንከን የተገኘበት ጨርቅ ለሠራተኛው ስለሚሰጥ መንደሩ በሙሉ ስህተት ለባሽ ነበር። እኔ በደረስኩበት ዓመት አበባው ከግንዱ ተነጥሎ የታተመ ጨርቅ ወጥቶ ነበርና፣ ግንድ የሌለው አበባ መጋረጃው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የሕፃናት ቀሚስ ላይ፣ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ደረት ላይ ነበር። ለእኔም ሽርጥ ሰፉልኝ። ያን ጊዜ ነው የመንደሩ ሰው የሆንኩት።

ሽመና አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። አዲስ አበባም ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ግን ክር መጠቅለያው ክፍል ነበርኩ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። መቶ ምናምን የሽመና ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋ ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በእግር ጫማ ገብቶ ጥርስ ላይ ይወጣል። ክሩ ደርቆ እንዳይበጠስ አየሩን በውሃ ጉም ያርሱታል። ሙቀቱ፣ የማሽን ዘይቱና የጥጡ ሽታ አንድ ላይ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። በዚህ መሐል ሴቶቹ ቆመው ይሳሳቃሉ። አንዷ ከአዳራሹ ወዲህ ጫፍ፣ ሌላዋ ከወዲያ ጫፍ ሆነው ትላንት ስለተበላ እራት ያወራሉ። ድምፅ አያወጡም። ከንፈራቸውን ሰፋ አድርገው ያንቀሳቅሳሉ፣ ቅንድባቸውንና ጣታቸውን ይጨምሩበታል፣ በቃ።

ይህን አመል ወደ ቤትም ይዘውት ይገባሉ። በክረምት በድርብ መስታወት ከተዘጋ መስኮት ወደ ማዶ መስኮት ያወራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ያሙታል። ባልና ሚስት ልጅ እንዳይሰማቸው ያለ ድምፅ ይጣላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ከእናታቸው ጡት ጋር ስለለመዱት ከድምፁ ይልቅ ያንን ነው የሚከታተሉት። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው የመንደሩን ሴት በአፏ አከፋፈት ይለያታል ይባል ነበር። የቋንቋ መምህሬ ሩስያኛዬ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግራ ይገባት ነበር። በጽሕፈት እሰንፋለሁ፣ በማዳመጥ እሰንፋለሁ፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ስታናግረኝ ግን ሁሉ ይገባኛል። የተማርኩት ከእሷ አልነበረም፤ ከዞያ ፔትሮቭና ከንፈር ነው።

ዞያ ፔትሮቭና እንድታስተምረኝ የተመደበችልኝ ሸማኔ ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ አጥብቃ የምታስር፣ እናቴን የምታህል ሴት። በደንቡ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። እንደዚያም ጀምሬ ነበር፤ እሷ ግን፣ “እዚህ ጫጫታ ውስጥ አንቱታ ለከንፈር ይረዝማል፤ አንቺ በይኝ” ብላ አስተወችኝ። ስለዚህ ዛሬም እሷ እያልኩ ነው የማወራው፤ እንዳልደፈርኳት ታውቃለች።

ስሜን እዚያ አገር ማንም በወጉ ጠርቶት አያውቅም። መምህሬ “ቲሩኔሽ” ትለኛለች፣ የመኝታ ቤት ኃላፊዋ “ቱሩንያ”፣ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ከነጭራሹ “ታንያ”። ጥ የምትባለው ፊደላችን ምላሳቸው ላይ እንደ ድንጋይ ናት። ዞያ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አፌን ትኩር ብላ አይታ፣ ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ስሜን በከንፈሯ ደገመችው፤ ምንም አልጎደለውም። ድምፅ ለሌለው ነገር ምን ይከብዳል? ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ስሜ ሙሉ ሆኖ የተጠራው ያኔ ነው።

የጥጥ ብናኝ ደረት እንዳያበላሽ ተብሎ ለሸማኔዎቹ በየቀኑ ወተት ይታደላል። ረቡዕና ዓርብ የእኔን ለዞያ አቀብላት ነበር። መጀመሪያ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ተጨነቀች። በኋላ በጣቴ ትንሽ መስቀል ሠርቼ አሳየኋት። ግራና ቀኝ ገልመጥ አለችና፣ “እናቴም እንደዚሁ ነበረች” አለችኝ በከንፈሯ፤ ወተቱንም ጠጣችልኝ። በምትኩ ምሳ ላይ ጥቁር ዳቦዋን ትጨምርልኛለች፤ አንዳንድ ጊዜም ከቤቷ በጨው የተቀመጠ እንጉዳይ።

የሥራዬን ነገር ላስረዳ፤ ጨርቁ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሎ እንደተሸመነ ለማወቅ በትንሽ ማጉያ መነጽር አጎንብሶ ክሩን መቁጠር አለ። ለልምምድ ያ ሥራ የእኔ ነበር። ሰው በብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ ሲቆጥርና ሲጸልይ ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” እላለሁ፤ ዞያ ከማዶ ማሽኖቿን እየጠበቀች ቆማ ታየኛለች። ለምን እንደምታየኝ አስቤበት አላውቅም።

በመስከረም ለእንጉዳይ ለቀማ ጫካ ወሰደችኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሬቱን ሸፍኖታል፣ አየሩ እርጥብ እንጨት እንጨት ይሸታል። ቅርጫቷን አንጠልጥላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ የማያቸው እንጉዳዮች ሁሉ መርዘኞቹ ናቸው፣ እሷ እየሳቀች ከእጄ ትጥላቸዋለች። አንድ ረግረግ ጋ ስንደርስ የተሳሳተ ቦታ ረገጥኩ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ፤ ልስበው ስል ሌላውም ተከተለ።

“ዞያ!” ብዬ ጮህኩ።

ዝም ብላ ትሄዳለች። “ዞያ ፔትሮቭና! ኧረ ድረሽልኝ!” አልኩ በሩስያኛም በአማርኛም። ወፎቹ ተነሱ። ከፊቴ እዚያ ጋ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ሆና፣ አጎንብሳ ቅጠል በበትር ትገልጣለች። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ነን፤ ማሽን የለም፣ ነፋስ እንኳ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከረግረጉ ይልቅ ያ አስደነገጠኝ።

ዘወር ስትል አየችኝና እየሮጠች መጣች። በበትሯ ስባ አወጣችኝ። ጭቃዬን በሻሿ እየጠረገች ፊቴን አየችው፤ ያወቅኩትን አወቀች።

“ለማንም አትንገሪ” አለችኝ። ድምፅ ነበራት፤ ጎርነን ያለ፣ ከፍና ዝቅ የማያውቅ ድምፅ። “ኅዳር ላይ ሐኪሞቹ ይመጣሉ። ዘንድሮ የጆሮ ሐኪም አብሮ አለ ይላሉ። ያልሰማ ከአዳራሹ ይወጣል።”

“ወዴት?”

“ወደ ማጠፊያ ክፍል። ጨርቅ እያጠፉ መደርደር ነው።”

“ይሻላል እኮ፤ ሙቀት የለ፣ ጫጫታ የለ” አልኳት የዋሂቱ።

ግንድ ላይ ቁጭ አለች። “ጫጫታ የለማ!” አለች። “እዚያ ሴቶቹ አጎንብሰው እያጠፉ፣ በድምፅ ነው የሚያወሩት። እኔ ማንን እሰማለሁ? ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ የለኝም። አዳራሹ ውስጥ ግን ሁላችንም ደንቆሮ ነን፤ ከማንም አላንስም።”

ከዚያ ወዲያ ያ መኸር ለሁለታችንም ሐኪሞቹን መጠበቅ ሆነ። ወንዙ ጠርዝ ጠርዙን መርጋት ጀመረ፤ ማቅለሚያ ቤቱ ውሃ በሚለቅበት በኩል በረዶው ሐምራዊ ይሆናል። ዞያ ማሽኖቿን መዳፏን እየጫነች ታዳምጣቸው እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። መወርወሪያ ሲዛነፍ በእጇ ታውቀዋለች። አልፎ አልፎም እጇ ማሽኑ ላይ ሳለ ዓይኗ ወደ አዳራሹ በር ይሄዳል፤ ሰው መጥቶ የሚወስዳት ይመስል።

ሐኪሞቹ የመጡ ቀን የፋብሪካው ክሊኒክ በር ላይ በነጭ ሻሽ ተሰልፈን ነበር። ሁለት ሁለት ሆነን እንገባለን፤ አንዷን ጆሮ ሲመረምሯት ሌላዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የደም ግፊቷን ታስለካለች። ዞያ ሰልፉ ውስጥ ከፊቴ እንድትሆን አድርገን ነበር። ሌላ ምንም አልተመካከርንም። የሚሆነውን ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ዞያን ጀርባዋን ለሐኪሙ ሰጥታ አቆሟት፤ ፊቷ ወደ እኔ ነው። ነርሷ ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠቅልላ መንፋት ጀመረች። ሐኪሙ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዶ፣ “አንዱን ጆሮሽን ሸፍኚ፤ የምለውን ድገሚ” አለ። ቀጥሎ ቁጥር ሹክ አለ። ያን ጊዜ ጆሮዬ የወጣት ጆሮ ነው፤ ጠርቶ ሰማሁት። በከንፈሬ ደገምኩት። ዞያም ጮክ ብላ ተናገረችው። ሌላ ሹክ አለ፤ ደገምኩ፤ ተናገረች። ነርሷ የመለኪያውን ቀስት እያየች፣ “አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው ልብሽ እንዲህ የሚሮጠው?” አለችኝ። ልመልስላት ስል ሐኪሙ ሦስተኛውን ሹክ አለ። ደነበርኩ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ ያወቅኩት ከወጣ በኋላ ነው። ሰማንያ ስድስት። በአማርኛ!

ላርመው ስል ነርሷ በፊቴ አጎነበሰችና ዞያን ከለለችብኝ። አለቀልን አልኩ። ሰፊው ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ያ ከፍና ዝቅ የማያውቅ ድምፅ፣ በንጹሕ ሩስያኛ፣ “ቮሴምዴስያት ሼስት” አለ። ሰማንያ ስድስት።

“ጥሩ” አለ ሐኪሙ። “ቀጣይ!”

ወጥተን ድልድዩ ላይ ደረስን። የድልድዩን መደገፊያ ይዤ፣ “እንዴት አወቅሽው? የኛ ቋንቋ ነበር እኮ!” አልኳት።

ዞያ ፔትሮቭና እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በበረዶው ላይ ቆማ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” አለችኝ በከንፈሯ። “ስትቆጥሪ ከምትውይበት ፊት ለፊት ነው የምቆመው። ሌላ ምን ልይ ኖሯል?” እኔ አገሬን የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ በትራሴ ላይ ሳለቅስ፣ አንዲት ሴት አማርኛ እየተማረችልኝ ነበር። አቅፌያት አለቀስኩ። ከሥራችን ወንዙ በቢጫ ይፈስ ነበር።

ያደረግነው ልክ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ በተደረገው ሁሉ ዛሬም ደስ ይለኛል። ዞያ ማሽኖቿ ላይ ቀረች፤ ትምህርቴን ጨርሼ እስክወጣም እዚያው ነበረች። ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

የተመለስኩ ቀን ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። ግንድ ከሌለው አበባ የተሰፋ ቀሚሷን ለብሳለች። ባቡሩ ውስጥ ገብቼ በተዘጋው መስኮት ተያየን፤ ለእኛ መስታወት ምንም አልነበረም። በደንብ ብዪ፣ ወፍራም ልብስ ልበሺ፣ እናትሽን ሳሚልኝ አለችኝ። ከዚያ ባቡሩ በር ላይ ወደቆመችው አስተናጋጅ ዞረች። ከንፈሯን በጎን በኩል አየዋለሁ።

“ይቺን ልጅ ስታናግርሽ ሰምተሻታል አይደል?” አለቻት። “ድምፅዋ ምን ዓይነት ነው?”

አስተናጋጇ ግራ ገባት። “ድምፅ ነዋ! እንደ ሰው ድምፅ ነው።”

“እሱማ። ቀጭን ነው? ጎርናና ነው?”

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አስተናጋጇ ምንም ሳትመልስላት ዘላ ገባች። ዞያ አብራ ትንሽ ተራመደች፣ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፣ ስሜን በከንፈሯ ጠራችው፤ ሙሉውን፣ ከነጥ። እኔም ሞኟ በኃይል ጮኼ “ዞያ!” አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ብቻ አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ያ አገር ፈረሰ። የዞያን መጨረሻ አላውቅም። እኔም አዲስ አበባ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሽመና አዳራሽ ውስጥ ኖርኩ። እዚህም ሸማኔዎቻችን በከንፈር ያወሩ ነበር፤ ያስተማራቸው የለም፣ ጫጫታው ነው ያስተማራቸው። ጆሮዬ መቼ እንደተወኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን ተነስቶ አልሄደም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት። ሰውን ግን ፊቱን እያየሁ እኖር ነበርና አልጎደለብኝም።

ሐሙስ ዕለት ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ ይህንን ሁሉ ለሄለን ታክሲ ውስጥ ነገርኳት። ኩርፊያው ሰልችቶኝ ነበር። የልጅ ልጄን የአራት ዓመቷን ኤልዳናን መሐላችን አስቀምጠን፣ ሄለንና እኔ ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ ባለው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ተቀምጠናል። ስጨርስ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ሄለን ወደ ውጭ አየች።

ክሊኒኩ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው። የምትመረምረኝ ልጅ ሹሩባ የተሠራች፣ ትሑት ናት። “እማማ፣ እስቲ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ እንሞክር። ከኋላዎ ሆኜ ቃል እላለሁ፤ የሰሙትን ይድገሙልኝ” አለችኝ። ከኋላዬ ሄደች። ከፊቴ ወንበር ላይ ሄለን ኤልዳናን ታቅፋ ተቀምጣለች።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ልጄን አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ተከፈተ። ይህንን ቀጠሮ የያዘችልኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቀችኝ ልጄ፣ አፏን እንደ ዓሣ እየከፈተች፣ ባልሠለጠነ ከንፈሯ፣ “ብር-ቱ-ካን” አለችኝ።

ጠርቶ ነው ያየሁት። ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። በዚያው ቅጽበት ኤልዳና ቀና ብላ ለእናቷ አንድ ነገር ነገረቻት። ፊቷ ወደ እናቷ ነበርና ከንፈሯ አልታየኝም። ሄለን በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። ምን እንዳለቻት አላውቅም። እንዴት እንዳለችውም አላውቅም። ይህቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ የምታወራውን ሁሉ አውቃለሁ፣ ስታቄም ስታቆላምጥም አውቃታለሁ፤ ድምፅዋን ግን ከልቤ ፈልጌ አጣሁት። ያቺን የባቡር ጣቢያ አየኋት፤ አስተናጋጇን፣ መልስ ያላገኘውን ጥያቄ።

ልጄን እያየሁ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ተይው ማለቴ ነው። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አልሰማሁም” አልኩ ለመርማሪዋ። ቀጥላ ያለችውንም አልሰማሁም፤ የተከተለውንም።

ብዙ መረመሩኝ። በመጨረሻ ልጅቷ አንድ ትንሽ ነገር ከጆሮዬ ጀርባ አድርጋ፣ “ለሙከራ ያህል ነው እማማ” አለችና የሆነ ነገር ነካካች። መጀመሪያ የመጣው የወረቀት ኮሽታ ነው። ከዚያ ከታች የመንገዱ የመኪና ጥሩምባ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንደተቀመጥኩ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ “እማማ፣ እንሂድ፣ ራበኝ” አለ።

አልዞርኩም። “እስቲ ድገሚው” አልኩ።

“ራበኝ አልኩሽ እኮ!”

የኤልዳና ድምፅ ጎርነን ያለ ነው። ቀጭን ነበር የሚመስለኝ።